ግራና ተራውን ያጣበት ክረምት

ጡረታ በወጣሁበት ቀን አለቃዬ ስለ እኔ የተጻፈ ወረቀት አነበበ። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰዓት አክባሪ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ «በሠሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ስሕተት ያልተገኘባቸው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ እዚያው አላረምኩትም። የሰው ድግስ አይረበሽም ብዬ ነው እንጂ ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። ስሕተቱ ተገኝቷል። ያገኙትም ግራና የምትባል የገጠር ከተማ ገበሬዎች ናቸው። በአንድ ክረምት፣ በእኔ እጅ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው የዘር ተራውን አጥቷል። አንዳንዱ ተራው ተመልሶለታል፤ ብዙው አልተመለሰለትም። እነሱ እያሉ እኔ ንጹሕ ተብዬ ጋቢ ለብሼ ቤቴ ብገባ ደግ አይደለም። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ስሜ የሺ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ፊደል ስስት የምታርመኝ እሷ ናት፤ ሐሳቤን እንድታርም ግን አልፈቀድኩላትም። የሠራሁት ለገበሬዎች የተመረጠ ዘር በሚያከፋፍል አንድ ማኅበር ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ልጆች ምንም አልበደሉም። መጀመሪያ ወልድያ፣ ዋናው ቢሮ፣ ወለል እጠርግና ደብዳቤ አደርስ ነበር። ባለቤቴ ሲሞት ልጄ ወዳለችበት ወደ መርሳ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። በኋላ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቅ ሆንኩ፤ ፋይሌ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ቀን «የጽዳት ሠራተኛ» ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቴም ዲፕሎማ የለሽም ተባልኩ። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

መርሳ ላይ የማሽኑን ክፍል የሚጠብቀው ጋሽ ኢድሪስ የሚባል ቴክኒሻን ነበር። ማንንም አያስገባም። ጽዳት የሚሉት ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ገብቶ ገመድ እየጎተተ አስመርሮታል። እኔ በደረቅ ጨርቅ፣ ገመዱን ሳልነካ፣ አቧራውን ከላይ ወደ ታች ስጠርግ አይቶ ተወኝ። አንድ ቀን ጨርቄን ይዤ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቆሜ አገኘኝ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ይሄ የሚሮጠው ጽሑፍ ምንድን ነው ጋሽ ኢድሪስ?»

«ሠራተኞቹ ናቸው።»

«የትኞቹ ሠራተኞች?»

«ከኋላ ያሉት። ገበሬው መስኮት ላይ ስሙን ሲያስመዘግብ የሚያየው መዝጋቢውን ብቻ ነው። ከእሱ ኋላ ስሙን ማሽኑ ውስጥ የሚጽፍ ሌላ መዝጋቢ አለ፤ ስሙን ወልድያ ድረስ የሚወስድ አድራሽ አለ። ቅጂውን የሚያስቀምጥም አለ። እነዚህን ሰርቪስ ይሏቸዋል። አይታዩም። ዝም ብለው ይሠራሉ፤ ሲሞቱም ዝም ብለው ነው።»

«ሲሞቱ ማን ያውቃል?»

«የጠየቀ።»

ይህን ብሎ ወንበሩን ሳበልኝ። ሥራዬ የተለወጠው በዚያ ቀን ነው።

የእንግሊዝኛ ፊደል አውቃለሁ፤ የቃሉን ትርጉም ግን ከእሱ አፍ ነው የተማርኩት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አይጥ የሚሉት ነገር አይሠራም፤ የሚነካ ሥዕል የለም። ትእዛዝህን በፊደል ትጽፋለህ፣ መልሱን በፊደል ታነባለህ። ጋሽ ኢድሪስ መጀመሪያ ያስተማረኝ «ስታተስ» የሚለውን ነው። የሰርቪሱን ስም ጽፈህ ስታተስ ካልከው በሕይወት አለ ወይስ የለም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ይነግርሃል። «ስታርት» ያስነሣዋል። «ስቶፕ» ያቆመዋል። «ሪስታርት» አቁሞ እንደገና ያስነሣዋል። ስታተስን በደንብ እስካውቅ ድረስ ሌሎቹን እንድጽፍ ለሁለት ወር አልፈቀደልኝም።

«ታማሚ ቤት ገብተሽ እንዴት አደርክ ሳትይ አንሥተሽ ታስኬጂዋለሽ?» ይለኝ ነበር።

ልማዶቹ ብዙ ነበሩ። ከመቀመጡ በፊት እጁን ይታጠባል። ትእዛዙን ጽፎ ሲጨርስ ወዲያው አይጫንም፤ የጻፈውን ከግራ ወደ ቀኝ በዓይኑ ይሄድበትና «ቢስሚላህ» ብሎ ይጫናል። እኔ በስመ አብ ስል ይስቅብኛል፤ «የአንቺ ይረዝማል፤ እስክትጨርሺ ማሽኑ ያንቀላፋል» ይላል። መልሱ ሲመጣ ጣቱን ስክሪኑን ሳያስነካ ከላይኛው መሥመር ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነባል። ብቻውን እንኳን ቢሆን ጮክ ብሎ ነው። ደብተር አለው፤ ሰዓቱን፣ የጻፈውን ትእዛዝ፣ የመጣውን መልስ በእርሳስ ይጽፋል። ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ከወንበሩ አይነሣም። ሻይ ቢመጣለት አይነሣም፤ አለቃ ቢጠራው «ጽፌ ልምጣ» ይላል።

አንድ ጠዋት እሱ ወልድያ ሄዶ መዝጋቢው መውደቅ ጀመረ። እኔ ሪስታርት እለዋለሁ፣ ይነሣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይወድቃል። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁት። ከሰዓት ሲመለስ በኩራት ነገርኩት።

«የወደቀን ሰው አሥራ አንድ ጊዜ አቁመሽ አሥራ ሁለተኛውን ምን ልታደርጊ ነበር? በገመድ ልታስሪው?»

ከዚያ ሎጉን ከፈተ። ሎግ ማለት ማሽኑ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። አሥራ አንዱም ጊዜ ያው አንድ መሥመር ተጽፏል፤ ቦታ የለኝም ይላል። ቅጂ አስቀማጩ የአሮጌ ዓመት ቅጂ እያከማቸ ዲስኩን ሞልቶታል። አሮጌውን አስፈቅዶ አወጣ። መዝጋቢውን አንድ ጊዜ ብቻ አስነሣው። ዘመኑን ሙሉ አልወደቀም።

ከሁሉም በላይ የደጋገመልኝ ግን ስለ መብራት ነው። «ስታርት ለዛሬ ነው» ይለኛል፤ «ኢነብል ለነገ ነው። ስታርት ያልሽው አሁን ይነሣል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ግን ማንም አላዘዘኝም ብሎ ተኝቶ ይቀራል። ኢነብል ያልሽው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። መብራት በሚሄድበት አገር ለነገ ያልታዘዘ ሠራተኛ እንደሌለ ቁጠሪው።» ስታተስ ስትጠይቅ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ትመጣለች፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። ለነገ መታዘዙ የሚጻፈው ግን ከፍ ብሎ፣ ቀለም በሌለው መሥመር ላይ ነው። «አረንጓዴዋን ሕፃንም ያያታል፤ አንቺ ከላይ ጀምሪ» ይለኝ ነበር።

አለቆች መጡ ሄዱ። አንዱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ጠዋት ገብቶ «የሺ፣ የመርሳን አድራሽ እስከ ምሳ አቁሚው፤ ወልድያ ላይ ቀድመው የሚመዘገቡ ሰዎች አሉ» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። ወልድያ ያለው ኮምፒውተር ተራ የሚሰጠው ስሙ በደረሰበት ሰዓት ነው። የመርሳው አድራሽ ከቆመ ውጭ ፀሐይ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

«እኔ አልጽፈውም» አልኩት።

«ታዘዢ ነው ያልኩሽ።»

«ትእዛዙ ሦስት ቃል ነው፤ ይቀመጡና እርስዎ ይጻፉት። ሎጉ ማን እንዳቆመው ይጽፋል።»

ሦስቱን ቃል አያውቃቸውም። ቆሞ ቆሞ ወጣ። ጋሽ ኢድሪስ «ደግ አደረግሽ» አላለኝም። «ሎጉን ጅራፍ አደረግሽው፤ አንድ ቀን አንቺንም ይገርፍሻል» ብቻ አለኝ።

ጦርነቱ መጥቶ ሄደ። ከመርሳው ቢሮ የተረፈው ግድግዳውና የበሩ መቃን ነበር። የጋሽ ኢድሪስም ዓይን በስኳር ሕመም ደክሞ ከሥራ ወጣ። ከጊዜ በኋላ አዳዲስ ማሽኖች መጡ፤ ወልድያ ላይም ሁለቱንም ቢሮ የሚመራ አቶ ደሳለኝ የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው። የግራና ገበሬዎች ለመመዝገብ መርሳ ድረስ እንዳይመጡ እዚያው መስኮት እንክፈት ያለው እሱ ነው፤ ይህ መልካም ሐሳቡ ነበር። ቴክኒሻን ተብሎ የተቀጠረው ልጅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ ማሽኑን እንድተክል እኔ ተላክሁ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ምዝገባው ሰኞ ይጀመራል። ማሽኑን ከፍቼ መዝጋቢውን አስነሣሁ፣ ኢነብል አደረግሁ፣ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፣ ጻፍኩ። ቅጂ አስቀማጩንም እንዲሁ። አድራሹ ላይ ደረስኩ። ስታርት አልኩት። ስታተስ ጠየቅሁ። አረንጓዴዋ ነጥብ መጣች። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌዎች በር ላይ ደረሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የመጡት፤ መስኮቱ ሳይመረቅ ሥራ አይጀመርም። ሼህ አሊ የሚባሉት ታላቃቸው እጃቸውን ዘረጉ።

እኛ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ እየመረቀ ቁጭ የሚል የለም። ተነሣሁ።

«ሰላም ያድርግልን» አሉ፤ አሚን አልን። «የዘራነውን ያብቅልልን።» አሚን። «ይህ መስኮት ሰውን ከሰው አይለይ።» እዚህ ላይ ከሁሉ ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ምርቃቱ ሲያልቅ ምሳ ብሉ ተባለ፤ በልተን ስንወጣ ወደ መርሳ የሚመለሰው ሚኒባስ ሞልቶ እየጠበቀ ነበር። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ሦስቱም ተነሥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነበር፤ ተነሥተዋል። አድራሹ ግን ለነገ አልታዘዘም። ሽማግሌዎቹ ላይ አላመካኝም። ምርቃት ሰውን ያስነሣል፤ ተመልሶ መቀመጥ ግን የእኔ ፋንታ ነበር።

እሑድ መብራት ሄደ፤ ከሰዓት መጣ። ማሽኑ ራሱ ተነሣ። ሁለቱ አብረውት ተነሡ። ሦስተኛው ተኝቶ ቀረ።

ሰኞ የግራና ሰው ገና ሳይነጋ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ ይዟል። ድንጋይህ ባለበት አንተ እንዳለህ ይቆጠራል፤ ሰው ከብት አሰማርቶ ወይም ልጅ አብልቶ ተመልሶ ድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። መዝጋቢዋ ልጅ ስም ታስገባለች፤ ስክሪኑ ተመዝግቧል ይላል፤ ሰዉ አመስግኖ ይሄዳል። ማተሚያው ስላልደረሰ ወረቀት አልተሰጣቸውም። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። መቶ አሥራ ሁለት ስም ገባ፤ አንድም ወደ ወልድያ አልሄደም።

በሚቀጥለው ሳምንት የተራ ዝርዝሩ መርሳ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዘሩ ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል ወዲህ ባሉ ማሳዎች ተሞክሮ የተወደደ፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ነበር። ያን ዓመት ዝናብ ዘግይቶ የአገሩ ማሽላ መዝሪያ ጊዜ አልፏል፤ ስለዚህ ይህን ዘር ያገኘና ያላገኘ አንድ አይደለም። እኔ ኮሪደሩን አቋርጬ ስሄድ አንዲት ጥላ የያዘች ሴት ዝርዝሩን ለሚያነብላት ዘበኛ «ድገመው» ስትል ሰማሁ። ዘይነባ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

«ይሄ ሰው ግራና የለም ይለኛል። ድንጋዬ አርባኛ ነበረች። አንዲት ነፍሰ ጡር ከኋላዬ ፀሐይ ላይ ቆማ አየሁና ቦታዬን ለቀቅሁላት፤ አርባ አንደኛ ሆንኩ። መዝጋቢዋ ተመዝግበሻል አለችኝ። እስቲ አርባ አንደኛን ይዩልኝ።»

አየሁ። አርባ አንደኛው የመርሳ ሰው ነበር። ከላይ እስከ ታች ሄድኩ፤ ከግራና የመጣ አንድም ስም የለም። ወልድያ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ «የግራና ሰዎች አልፈለጉም ተብሎ ድርሻቸው ለሌላው ተጨምሯል፤ ግማሹ ወጥቷል» አለችኝ። ባዶ ዝርዝር ሲመጣ አቶ ደሳለኝ ስልክ አንሥቶ ግራናን አልጠየቀም። የእሱ ጥፋት ይህ ነው። የእኔ ግን ይቀድማል።

ማሽኑ ጋ ከመሄዴ በፊት ጋሽ ኢድሪስ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ በእጁ መቁጠሪያ ይዟል። ነገርኩት።

«ስታተስ ጠየቅሽ?»

«ጠየቅሁ።»

«የላይኛውን መሥመር አነበብሽ?»

«አረንጓዴዋ ነጥብ መጥታለች» አልኩት።

«የሺ፣ አነበብሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አላነበብኩም። ሽማግሌዎች መጡና ተነሣሁ።»

መቁጠሪያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«ሄጄ አድራሹን ላስነሣው ነዋ። ስሞቹ ይሂዱ።»

«እንዳትነኪው። አሁን ካስነሣሽው መቶ አሥራ ሁለቱም ዛሬ እንደደረሱ ሆነው ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባሉ። ያኔ በሰዓቱ አልመጡም ለሚል ሰው አንቺው ማስረጃ ሰጠሽው። ሳትነኪ አንብቢ። በምስክር ፊት አንብቢ። ማሽኑ እንደተኛ ይታይ።»

ከቤቱ ስወጣ «የሚገርፍሽን ጅራፍ ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

አቶ ደሳለኝ በማግሥቱ መርሳ መጣ። ቢሮው ገብቼ እንደሆነው ነገርኩት። አዳመጠኝና ብዕሩን አስቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ ዝርዝሩ ተለጥፏል። ሲስተሙ የመብራት ችግር ገጥሞት ነበር እንበል፤ ለሚመጣው ዓመት ግራናን እናስቀድማለን።»

«ሲስተሙ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ለራስዎ አያስቡም? ጡረታዎ ስንት ቀረው? ደግሞስ ስሞቹ ትናንት ተቀምጠው ያስገቧቸው እንዳልሆኑ በምን አውቃለሁ? ሰው ይጠይቃል።»

«ይጠይቃ። ልጄ፣ አንተ ራስህ ጠይቅ። ና፣ ግራና እንሂድ፤ ሳልነካው አሳይሃለሁ።»

ልጄ ማለቴ አልጣመውም፤ ግን መጣ።

ግራና ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቦ ነበር፤ ዘይነባ ነግራቸዋለች። ሼህ አሊን ሰላም አልኳቸውና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በሰው ፊት ተናገርኩ። ማጉረምረም ሆነ። አንድ ጎልማሳ «መርቀን ሸኝተናት» አለ። ሌላው «አሚን ስትል ድምጿ ከሁሉ ይበልጥ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። አቶ ደሳለኝ ስሞቹ መቼ እንደገቡ እርግጠኛ አለመሆኑን ሲናገር ግን ጉርምርምታው ወደ እሱ ዞረ። ሼህ አሊ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙ።

«ይህ ቀላል ነው» አሉ። «ሰኞ የቆማችሁ ሁሉ፣ ያን ቀን ከፊታችሁ የነበረውን ሰው ፈልጋችሁ ከኋላው ቁሙ። ማንም ቁጥሩን አይናገር። የፊቱን ብቻ ይወቅ።»

ሰዉ መፈላለግ ጀመረ። «አንተ ከፊቴ ነበርክ፤ ትንባሆህ አስነጥሶኛል።» «እሷ በሬዋ ጠፍቶባት ድንጋይዋን እንድጠብቅላት የሰጠችው ለእኔ ነው።» «እሱማ ሁለት ጊዜ ሊያልፈኝ ሞክሯል፣ እንዴት እረሳዋለሁ?» ብዙም ሳይቆይ ሰልፉ ከመስኮቱ እስከ ዋርካው ድረስ ተዘረጋ። ስድሳ አራት ሰው ነበር፤ የቀሩት አርባ ስምንቱ በሌሎቹ ቀኖች የተመዘገቡ ናቸው። እኔ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። እጄን ታጠብኩ። ስታተስ ጻፍኩና ከላይኛው መሥመር ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ዲሴብልድ» ይላል፤ ለነገ አልታዘዘም ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩ። ቀጥሎ እሑድ እንደተኛና ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልነካው ከሎጉ አነበብኩ። ከዚያ የመዝጋቢውን ሎግ ከፈትኩና የሰኞን ስሞች ከነሰዓታቸው መጥራት ጀመርኩ። አቶ ደሳለኝ በሰልፉ ጎን እየሄደ ያያል። ስም ስጠራ ከፊት ያለው «አቤት» ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ሄድን። ስድሳ አራተኛው አቤት እስኪል አንድም ሰው ከቦታው አልተዛነፈም።

አቶ ደሳለኝ ተመልሶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ላቡን ጠረገ። «ትክክል ነው» አለ፤ ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ይህን አልነፍገውም። መጋዘን ደወለ። ያልወጣው ዘር ለግራና እንዲቆይ አዘዘ። የቀረው የአርባ ሰው ድርሻ ነበር።

አርባ።

ዘይነባን አየኋት። እሷም ሰምታለች። ነፍሰ ጡሯ ልጅ ከፊቷ ቆማለች፤ ዞራ «እቴ ዘይነባ፣ ቦታው ያንቺ ነው፤ እኔ ልቅር» አለቻት።

«የሰጠሁትን አልመልስም፤ ዙሪና ቁሚ» አለቻት ዘይነባ።

ሼህ አሊ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ነገሩን ያወጣችው እሷ ናት። መርሳ ድረስ የሄደችው እሷ ናት። አርባ አንድ ብናደርገውስ?»

የአንድ ሰው ድርሻ ለአንድ ማሳ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ቢከፋፈል ለማንም አይሆንም። ለእሷ የሚሰጥ ከሆነ ከአርባዎቹ ካንዱ ተወስዶ ነው። ከእሷ ኋላም ሰባ አንድ ሰው አለ፤ ሁሉም በእኔ ጥፋት ነው ያጣው። ለአንዷ ብጨምር ለሌሎቹ ምን እላለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ተራ ተራ ነው ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ከስክሪኑ ዞርኩ። ተነሥቼ ለመሄድ ፈለግሁ።

«እትዬ የሺ፣ ያንብቡ እንጂ» አለች ዘይነባ። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

አነበብኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አርባኛዋን ጠርቼ አቆምኩ። እየተጠሩ የዘር መውሰጃ ወረቀት ተሰጣቸው። ከአርባ ወዲያ ያሉት ቀስ ብለው ሰልፉን እየለቀቁ ሄዱ። የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስሞቹ ሁሉ ከነሰዓታቸው በወረቀት ተገልብጠው ከተፈረመባቸው በኋላ አድራሹን አስነሣሁት፤ ኢነብልም አደረግሁት። ተነሥቼ ልወጣ ስል ዘይነባ አሁንም መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ። ዘይነባ፣ ይቅር በዪኝ።»

«እሱን ይተዉትና ያጥፉት።»

«ምኑን?»

«ማሽኑን። መብራት እንደሄደ አድርገው ያጥፉት። ራሱ ሲነሣ ልይ።»

አቶ ደሳለኝ መኪናው ውስጥ ገብቶ እየጠበቀኝ ነበር። ይጠብቅ አልኩ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ ተነሣ። አንድም ትእዛዝ ሳልጽፍ ትንሽ ጠበቅሁና ስታተስ ጠየቅሁ፤ ከላይኛው መሥመር ጀምሬ አነበብኩላት። እንድደግመው አዘዘችኝ፤ ደገምኩት። ደብተሬን አውጥቼ ስጽፍ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጥላዋን አንሥታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ጥፋቴን በደብዳቤ ጻፍኩ። «የመብራት ችግር አይደለም፤ የላይኛውን መሥመር ሳላነብ ከወንበር ተነሣሁ» ብዬ ፈረምኩ። ወይ ከሥራ ያባርሩኛል ወይ ይቀጡኛል ብዬ ነበር። ደብዳቤው የት እንደገባ አላውቅም፤ ፋይሌ ውስጥ ግን አልገባም። ማሽኖቹን ግን ማንም አልነሣኝም፤ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

በነሐሴ መጨረሻ ሥራ ኖሮኝ ወደ ግራና ስሄድ ከሚኒባሱ መስኮት ማሳዋን አየሁት። በሁለቱም ጎን ማሽላው የሰው ወገብ አልፏል። የእሷ መሬት መሐል ላይ ጥቁር ሆኖ ራቁቱን ተኝቷል። ለሽምብራ እያዘጋጀችው ነበር፤ ተጎንብሳ ጓል ትሰብራለች። ሾፌሩን አውርደኝ አልኩት። ጭቃውን እየረገጥኩ አጠገቧ ደረስኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዶማዋን አላስቀመጠችም።

«ደህና ዋሉ እትዬ የሺ። የመጡት ለማሽኑ ነው?»

«ላንቺ ነው የወረድኩት።»

«ለእኔ ምን ያደርጉልኛል?» አለች። ድምጿ ቁጣ የለውም። «መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል። ዛሬ የመስኖ ዘር ምዝገባ ነው፤ ሰው ተሰልፏል። ይሂዱና ይዩት።»

ሄድኩ።